ጆ ሉዊስ በአራተኛው ዙር

ጎንደር፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ለልጄ ለወለላ እንኳየሁ
አዲስ አበባ

ልጄ ወለላ፣

ደህና መሆንሽን ከደብዳቤሽ ቁጣ ተረድቻለሁ፤ የታመመ ሰው እንዲያ አይጽፍም። እኔም ደህና ነኝ። አክስትሽ አበቡ ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷን ግን ምንም አላመማትም። የሰላምታውን ነገር በዚህ እንዝጋውና ወደ ጉዳዩ ልግባ።

«አባዬ፣ የበላቸውን ሽማግሌዎች በቦክስ ምክንያት መለስካቸው የሚባለው እውነት ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። እውነት አይደለም። የመለስኳቸው በማስረጃ እጦት ነው። ወሬውን በየቤቱ የሚያዞሩት ሰዎች ሁለቱን መለየት ስለተሳናቸው ነገሩን ከመጀመሪያው እጽፍልሻለሁ።

በላቸው አንቺን ለመጠየቅ የላካቸው ሽማግሌዎች የመጡት ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ዋናው የበላቸው አጎት አያ ዳኛው ናቸው፤ ከእንፍራንዝ የመጡ፣ በጠላት ጊዜ አርበኛ የነበሩ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ዕድሜያቸውን በሙግት የፈጁ ሰው። ሁለተኛው የደብራችን መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ናቸው። ሦስተኛው ሰውዬ «እህ» ከማለት በቀር የፈየደው ነገር ስላልነበረ ያን ዕለት ስሙን አልያዝኩትም።

ግቡ አልኳቸው፤ ገቡ። ተቀመጡ ሳልላቸው እንደ ወጉ ቆመው ቀሩ። አያ ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠርገው «የመጣንበት ጉዳይ...» ሲሉ፣ መሪጌታ ወደ ግድግዳው ዞሩና ነጠላቸውን አስተካክለው እጅ ነሡ። ግድግዳው ላይ ያለውን ታውቂያለሽ። ለንደን ስማር ከመጽሔት ቆርጬ ያመጣሁት፣ በመስታወት ያስገባሁት የጆ ሉዊስ ሥዕል ነው።

«የአባታችን የሙሴ ጸሊም በረከታቸው ይደርብን» አሉ መሪጌታ። «ሸጋ ሥዕል ነው። በእጃቸው ያለው ምንድን ነው?»

«ጓንት ነው።»

«ምነው፣ መነኩሴ ጓንት ያደርጋል?»

«መሪጌታ፣ ይህ ጆ ሉዊስ ነው። የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን። ቀበቶውን ዐሥራ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ያልለቀቀ።»

የአያ ዳኛው ዓይን በራ። «ያን የጣሊያን ዝሆን የጣለው?»

«ካርኔራን። በስድስተኛው ዙር። እነሱ ሊወሩን ሲሰናዱ፣ በሰኔ ወር።»

ወለላ፣ በዚያች ደቂቃ ጉዳይሽ አልቆ ነበር። «ተቀመጡ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ሙግት የለመደ ሰው ግን ከረታ በኋላም ማቆም አይሆንለትም። አያ ዳኛው አንድ ምስክር ጨመሩ።

«ልጃችንም እኮ እንዲሁ ነው! አይከል፣ በሚሠራበት ጤና ጣቢያ ባለችው ክፍሉ፣ ከአልጋው በላይ ቡጢኛ ሰቅሏል። የሱኛው ግን ልጅ እግር ነው፤ መሐመድ ይሉታል።»

አፌን ዘጋሁ።

መሐመድ ዓሊ! እጁን ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ የሚዋጋ፣ ቡጢ ሲመጣበት ወደ ኋላ የሚለጠጥ፣ ይህንንም ሁሉ እያወራ የሚያደርግ! አልዘምትም ስላለ አምና ቀበቶውን የነጠቁት ግፍ ነው፤ እሱን አልክድም። ግፍ ስለደረሰበት ግን ግራ እጁ ከፍ አይልለትም።

«በላቸውን ጠይቁልኝ» አልኩ። «ጆ ሉዊስና መሐመድ ዓሊ፣ ሁለቱም በሃያ አምስት ዓመታቸው፣ በሙሉ ጤንነታቸው፣ ዐሥራ አምስት ዙር ቢጋጠሙ ማን ያሸንፋል? ምክንያቱንም ይጨምር። ቀጠሯችን ከዛሬ ሦስት ሳምንት።»

«እህ» አለ ሦስተኛው።

አበቡ ከጓዳ ብቅ አለች። «አንተ ሰው፣ አንዱ አርጅቷል፣ አንዱ ገና ልጅ ነው። የት አገናኝተህ ነው የምታዋጋቸው?»

«በሐሳብ።»

«በሐሳብማ የኔም ጉልበት ደህና ነው።»

የኔን መልስ ታውቂዋለሽ፤ ጆ ሉዊስ በአራተኛው ዙር ይዘርረዋል። ይህ ስሌት ነው። ኩፐር የሚባል እንግሊዛዊ፣ አራተኛው ዙር ሊያልቅ ሲል በግራ ቡጢ ከመሬት ጥሎታል። ኩፐር ያገኘውን ሰው ጆ ሉዊስ ሊያጣው ነው?

እንግዲህ የሰማሽው እስከዚህ ያለውን ነው። ባለፈው እሑድ የሆነውን ግን ማንም አልነገረሽም፤ ምክንያቱም ለወሬ አይመችም።

በቀጠሯቸው መጡ፤ ቆሙ። አያ ዳኛው በችሎት እንደሚቆም ሰው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ተከሉና «ተጠየቅ!» አሉ።

«ልጠየቅ» አልኩ።

«እውነቱን ልንገርዎ፣ አቶ እንኳየሁ። ልጁን መክረነው ነበር። 'ጆ ሉዊስ በልና ሚስትህን አግባ፤ ምን ቸገረህ? ሁለቱም ሠርግህ ላይ አይመጡ' አልነው። እምቢ አለ።»

«ምን አለ?»

«'ሚስቴን በሐሰት አላገባም፤ መሐመድ ዓሊ ያሸንፋል' አለ።»

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሦስተኛው ወደ በሩ አየ።

«ምክንያቱስ?»

አያ ዳኛው የተማሩትን እንዳይጠፋባቸው በጣታቸው እየቆጠሩ ቀጠሉ። «ቢሊ ኮን የሚባል ነበር አለ። ከጆ በክብደት የሚያንስ። እየዞረ እየዞረ ዐሥራ ሁለት ዙር አደከመው፤ በነጥብም ይመራው ነበር። ቀላሉ ይህን ካደረገ፣ ፈጣኑ ከባድ ምን ሊያደርግ ነው? ተጠየቅ!»

«በዐሥራ ሦስተኛውስ?» ብዬ ጮኽሁ። «በዐሥራ ሦስተኛው ዙር የሆነውን ነግሯችኋል?»

«ነግሮናል። ኮን ልጣለው ብሎ ቆመለትና ተዘረረ። መሐመድ ግን አይቆምለትም አለ።»

የተናደድኩት መልሱ ስህተት ስለሆነ አይደለም። ስህተት ቢሆንማ በሁለት ቃል እመልሰው ነበር።

«ሶምሶንስ?» አሉ መሪጌታ በቀስታ። «ሶምሶን ቢሆን ሁለቱንም...»

«መሪጌታ፣ ሶምሶን በአህያ መንጋጋ ነው የሚማታ። ደንቡ አይፈቅድም፤ ይሰረዛል።»

«ጠጉሩ ሳይላጭ ማለቴ ነው።»

«ቢላጭም ባይላጭም!»

በዚህ መካከል ልቤ ቆርጦ ነበር። «እንግዲህ በዚህ መልስ ልጄን...» ብዬ ስጀምር፣ አያ ዳኛው እጃቸውን አነሡ።

«አንዲት ቃል ቀርታኛለች። ልጁ ሲሸኘን 'በመጨረሻ እንዲህ በሉልኝ' ብሏል። 'ዝንብን በዱላ የሚያሳድድ የራሱን ገንቦ ይሰብራል።'»

ወለላ፣ እንዲህ የሚል ተረት በአገራችን የለም። በእንፍራንዝም የለም፣ በአይከልም የለም። ይህን ቃል የተናገርሽው አንቺ ነሽ፤ የሰባት ዓመት ልጅ ሆነሽ፣ እኔ ከምሳው ላይ ዝንብ አባርራለሁ ብዬ የእናትሽን ገንቦ በከዘራዬ ያደቀቅሁ ዕለት። እናትሽ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከሦስታችን በቀር የሰማው ሰው አልነበረም። እሷ ካረፈች ይኸው ስድስት ዓመት ሆናት። እኔ ለማንም አላወራሁትም፤ ለማን አወራለሁ?

እንደዚህ ያለውን ነገር ለእንግዳ ሰው አትነግሪም።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። የተቆጣሁ መስሏቸው አያ ዳኛው ዱላቸውን ከመሬት ነቀሉ፤ መሪጌታም ወደ በሩ ሄዱ። በመንገዳቸው ጆ ሉዊስን በዓይናቸው ተሰናበቱት።

«እንኳየሁ፣ ሰዎቹ ቆመዋል» አለች አበቡ። እንዲያ ለስልሳ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

«ተቀመጡ» አልኩ።

«ተቀመጡ ማለትዎ...» አሉ አያ ዳኛው።

«ተቀመጡ ማለት ተቀመጡ ማለት ነው! ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ይሁን።»

«እህህህ!» አለ ሦስተኛው። ስሙ ሀብተ ማርያም ነው፤ ሲወጣ ጠየቅሁት።

እንግዲህ በላቸው የሚከተለውን ይወቅ። ሥዕሉ ከግድግዳው አይወርድም። ክርክሩም ከእንግዲህ በአያ ዳኛው አፍ አይሆንም፤ ራሱ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ይከራከረኝ። ከአይከል እሑድ እሑድ የሚመጣ ማኪና አለ፤ ጠይቄያለሁ። ሁለት ሰው ያሳፍራል ወይ ብዬም ጠይቄያለሁ፤ ያሳፍራል። ቦክስ አብረን እናዳምጥበት ከነበረው ሬዲዮን አጠገብ ያለውን ወንበርሽን አበቡ ወደ ጓዳ ልታስገባው ስትል ከልክያታለሁ። ሌላ ወንበር ለአናጢው አዝዣለሁ። ባለፈው የሠራው አንድ እግሩ ስላጠረ ዘንድሮ እኔ ራሴ ቆሜ አሠራዋለሁ።

ስለ ቢሊ ኮን ማን እንዳስተማረው አልጠይቅም። ከጎንደር እስከ እንፍራንዝ ስለ ቢሊ ኮን የሚያውቅ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሷም አሁን አዲስ አበባ ነርስ ናት። ነገሩን ደግሜ ስመዝነው አራተኛው ዙር ትንሽ ፈጥኗል። በስምንተኛው ነው የሚዘርረው።

እግዚአብሔር እንደ እናትሽ ሳቂ፣ እንደ አባትሽ ጠንቃቃ አድርጎ ያኑርሽ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚሰጥሽ ከሆነ የእናትሽን ውሰጂ።

አባትሽ
እንኳየሁ ውዱ

ፖስታውን ከማሸጌ በፊት፦ ስምንተኛው ዙር ያልኩትን ሰርዢው። ልጁ እንዲያ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ጆ ሉዊስ በነጥብ ያሸንፋል፤ ያውም በጠባብ ልዩነት። ከዳኞቹ አንዱ ለልጁ ቢሰጠው ግን አልጮህም።