ሥር የሌለው አፈር

ማክሰኞ፣ የካቲት 4
ከላብራቶሪው

ውድ አባዬ፣

«ሣር በልታ የምታመሰኳ ላም አየሩን እንዴት ታሞቃለች?» ብለህ ስንቴ ሳቅህብኝ። ስታገሳ አየሩን የሚያሞቅ ሚቴን የሚባል ጋዝ ይወጣል፣ መስኩ በደንብ ከተያዘ ግን አፈሩ ካርቦን ስለሚያስቀር በከፊል ያካክሰዋል እያልኩ ስለፈልፍ፣ «እንግዲያ ነይና ላሞቼን አታግሱ በያቸው» ትለኝ ነበር። መስኩ ካርቦን እንዲያስቀር የገባኸውን ውል የፈረምከውም እኔ ስለወተወትኩህ ነው። የአፈሩ ካርቦን ከተባለው ልክ ካነሰ ግማሾቹ ከብቶች ከመስኩ እንደሚወጡ ሁለታችንም አንብበናል።

ትናንት የመስካችን ናሙና ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ከረጢቱ ላይ ከውላችን የማውቀው ቁጥር ብቻ ስላለ አለቃዬ ያንተ መሆኑን አያውቅም፤ እኔም አልነገርኩትም። ካርቦኑ ከአምናው እጥፍ ሆኗል። አፈር በአንድ ዓመት እንዲህ አይወፍርም፣ አባዬ። ሚዛኑን ጠርጥሬ ሦስቴ መዘንኩ። ከዚያ ናሙናውን ያመጣውን ሾፌር ጠረጠርኩ። «የምጭነው አንሶኝ ነው አፈር የምጨምርበት?» አለኝ።

የተረፈውን ስነፋው አንድም የሣር ሥር አላገኘሁበትም። የግጦሽ አፈር በሥር የተያያዘ ነው። ይሄ ግን ጥቁር፣ ፍርክስክስ የሚል፣ የገለባ ስብርባሪ ያለበት ነው። አውቀዋለሁ። ከብቶቹ ሃያ ዓመት ያደሩበት፣ እበት የጠገበው የድሮው በረት አፈር ነው። ክረምት ላይ «ይሄኛው ቢመዘን ጉድ ነበር» ያልኩህ እኔው ነኝ። አንተም በጫማህ ጫፍ ነካ ነካ አደረግከው።

ናሙና የሚያወጡት ሰዎች የሚቆፍሩት ለምልክት የተተከለ ችካል ያለበትን ነው። እማዬ ደግሞ ባለፈው ስትደውል «አባትሽ አጥር ሲያድስ ሰነበተ» አለችኝ። የትኛውን አጥር?

ሐሙስ ሳምንት ሪፖርቱ ላይ እፈርማለሁ። እንዳለ ካሳለፍኩት ከብቶቹ ይቀራሉ። ከጣልኩት ግን በጡጦ ያሳደግኳት ጊደር ሳትቀር ልትሄድ ትችላለች።

ችካሎቹን ያዛወርከው አንተ ከሆንክ ንገረኝ፤ መጥቼ ከመስኩ እንደገና እንቆፍራለን። ሁለት ዓመት ሙሉ መስኩን እያሳረፍክ፣ እያፈራረቅክ ነው ያሰማራኸው፤ በሐቅ ብናልፍስ? አንተ ካልሆንክም ንገረኝና በመጠርጠሬ ልፈር።

ሾፌሩ ነገ ወደዚያ ስለሚወጣ ይህን ደብዳቤ በእሱ እልከዋለሁ፤ መልሱንም በእሱ ስደደው። ጤናህን ይስጥልኝ፣ መስክህንም ዝናብ አይለየው።

እንዳትደውል ብቻ። ድምፅህን ከሰማሁ ዝም ብዬ እፈርማለሁ። ጻፍልኝ።

ልጅህ