የፋትሳኒ ጉልበትና የመሀሉ ኳስ

ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ላሜክ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? በዚህ ወር የጆሃንስበርግ ብርድ አጥንት ይሰብራል ሲሉ እሰማለሁና ደረትዎን እንዴት አደረገዎት? ባለቤትዎ እትዬ ግሎሪያ ደህና ናት? ልጃችሁ ታዳላስ በረታች? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። የእማማ ወገብ ካለፈው ተሽሎታል፤ ካሳቫውን እኔ ካልላጥኩ እያለች ትጣላኛለች። ሐይቁም ዘንድሮ ዓሣ አልነፈገንም። በአውቶቡስ የላኩት ኳስ ምንም ሳይሆን ደርሶናል፤ እግዜር ይስጥልን። እኔም ዛሬ የምጽፍልዎት ስለዚያው ኳስ ነው።

ባለፈው ደብዳቤዎ፣ ታዳላ ጓደኞቿ ስለሚስቁባት ለትልቅ ሰው ዕቃ ስታቀብል መንበርከክ እንደተወች ጽፈውልኝ ነበር። ያን ጊዜ የምመልሰው አጣሁ። አሁን መልስ ያገኘሁ ይመስለኛል፤ ያገኘሁትም ሜዳ ላይ ነው።

አምና የማሠለጥነው የሴቶች ኔትቦል ቡድን በማቴንጄ ትምህርት ቤት ልጆች ከተሸነፈ በኋላ ርእሰ መምህራችን ጠርተውኝ ነበር። ዘንድሮም ከተሸነፋችሁ የኔትቦል ሜዳችሁን ለወንዶቹ ሁለተኛ የእግር ኳስ ሜዳ አደርገዋለሁ፣ ሴቶቹም በጊዜ ቤታቸው ገብተው እናቶቻቸውን ያግዙ አሉኝ። በቁጣ ቢናገሩ ባልፈራሁ። የተናደደ ሰው ይመለሳል፤ አስቦ የተናገረ ግን አይመለስም። እኔም ሜዳውን አሳልፌ ላልሰጥ ለራሴ ማልኩ።

እርስዎ ኔትቦል ሴቶች መሮጥ ሲሰለቻቸው የሚጫወቱት ነው እያሉ ያሾፉብኝ ነበርና የጨዋታውን ልብ ላስረዳዎት። ኳሱ በእጅ እየተወረወረ ከፍ ብሎ በተሰቀለ ቀለበት ውስጥ ይገባል። ግብ በተቆጠረ ቁጥር ኳሱ ወደ መሀል ይመለሳል፤ ሁለቱ ቡድኖች ተራ በተራ ያስጀምሩታል። መሀለኛዋ ልጅ ኳሱን ይዛ በትንሿ ክብ ውስጥ ትቆማለች፣ ጓደኞቿ ከመስመር ጀርባ ይጠብቃሉ። ፊሽካ ሲነፋ እነሱ ወደ መሀል ይሮጣሉ፤ እሷም ሦስት እስኪቆጠር ባለው ጊዜ ለአንዷ መወርወር አለባት። በራሱ ተራ የጀመረውን ኳስ ሁሉ እስከ ቀለበቱ የሚያደርስ ቡድን በቀላሉ አይሸነፍም። እኛን የሚጥለን ይኸው ነበር።

መሀለኛችን ፋትሳኒ ናት፤ የዓሣ አጥማጁ የዮናም ልጅ፣ ዐይኗ ፈጣን፣ ውርወራዋ ቀጥ ያለ። በክንፍ በኩል የምትሮጥላት ሞዴስተር ናት። ሞዴስተር በዕድሜ ብትበልጣት ሁለት ዓመት ነው፤ ግን የአባቷ ታናሽ እህት፣ ማለትም አክስቷ ናት። እኛ ዘንድ አክስት አክስት ናት፤ ትንሽ አክስት የሚባል የለም።

ከወር በፊት ከማቴንጄዎች ጋር ለልምምድ ስንገጥም የፋትሳኒ ኳስ ገና ከእጇ ሳይርቅ ይነጠቅ ነበር። ልጆቼ ዘገምተኞች ናቸው እያልኩ ስናደድ፣ አንዷ ረጅም የማቴንጄ ተከላካይ፣ «ተንበርከኪ እንጂ! ለእመቤትሽ ቁርሷን አቅርቢላት!» ብላ ጮኸች። ጓደኞቿ ሳቁ። ያኔ ነው የፋትሳኒን እግር ያየሁት። ለሞዴስተር ልትወረውር ስትል ጉልበቷ እጥፍ፣ ዐይኗም ወደ መሬት ሰበር ይላል። ለሌላ ስትወረውር ቀጥ ብላ ነው። እኛ መንደር ያላየነው ሁላችንም ስለምናደርገው ነው። ማቴንጄዎችም ያደርጉታል፤ ግን ሊነጥቅ የተዘጋጀ ሰው አጥርቶ ያያል።

እንድትተወው ነገርኳት። ብዙ ሞከረች። ጉልበቷን ስታቀና ውርወራዋ ጠመመ። በመጨረሻ አንገቷን ደፍታ፣ «እጄ እርስዎን ይሰማል፣ ጉልበቴ ግን እናቴን ነው የሚሰማው» አለችኝ። እንዲህ ካለችኝ በኋላ ሌላ ዘዴ ፈለግሁ። ጉልበቷ አልቀና ካለ ይታጠፍ፤ መንገዱን የሚቀይረው ኳሱ ነው አልኩ።

መስመሩን በአመድ አድሰን በየማታው ጀመርን። ፊሽካ ሲነፋ ሞዴስተር ወደ ዳር ትሮጣለች፤ ፋትሳኒ ወደ እሷ ጉልበቷን ታጥፋለች፤ ተከላካዮቹ ወደዚያ ሲያዘነብሉ ግብ አጥቂያችን ቺሶሞ በሌላው በኩል ሰብራ ገብታ ኳሱን ትቀበላለች። ፋትሳኒ ደግሞ ወርውራ አትቆምም፤ በቀለበቱ ሥር ወደተሰመረው ሰፊ ግማሽ ክብ ጫፍ ሮጣ ኳሱን መልሳ ትቀበልና ለቺሶሞ ታሻግርላታለች። ቺሶሞ ቀድማ ስትነሣ ዳኛ ይቀጣናል፣ ዘግይታ ስትነሣ ተከላካይ ይደርስባታል። ሰዓቱን እስኪይዙት ድረስ ድምፄ ተዘጋ።

ነገሩ ሲያምር የሞዴስተር እናት፣ የፋትሳኒም አያት የሆኑት እማማ ናሲቤኮ ምርኩዛቸውን ይዘው ሜዳ መጡ። ትንሽ አዩና፣ አክብሮትን ማታለያ ማድረግ ነውር ነው፣ የልጅ ልጄ ከዛሬ ጀምሮ አትጫወትም ብለው ፋትሳኒን ይዘዋት ሄዱ። ያለ ፋትሳኒ ቡድን የለኝም። በማግስቱ ስኳር ቋጥሬ ቤታቸው ሄድኩና ምንጣፍ ላይ ተቀመጥኩ። ያሉት እውነት ነበርና የተዘጋጀሁበትን ንግግር ትቼ ስኳሩን ከፊታቸው አኖርኩ።

የተናገረችው ሞዴስተር ናት፤ ያቺ ዝምተኛ። «እማ፣ ፋትሳኒ ተንበርክካ ውኃ ስትሰጠኝ ‘መጀመሪያ ለእንግዳዋ ስጫት’ ብላት ነውር ነው?» አለቻቸው። ኳሱን ለቺሶሞ እንድትሰጥ የማዛት እኔው ነኝ ማለቷ ነው። እማማ ናሲቤኮ ምርኩዛቸውን አጠገባቸው አጋደሙ። ከዚያ፣ «እንግዳ ካለማ እንግዳ ይቀድማል። ግን ጉልበቷን ከልቧ ትጠፍ። አስመስላ ካጠፈች ምርኩዜን ይዤ ሜዳ እገባለሁ» አሉ። ስኳሩንም ተቀበሉኝ።

ግጥሚያው ትናንት ነበር። ያቺ ረጅሟ ተከላካይ ገና በመጀመሪያው ኳስ «ተንበርከኪ!» አለች፤ ፋትሳኒም ታጠፈች። ሁለት ተከላካዮች ሞዴስተር ላይ ሲረባረቡ ቺሶሞ ብቻዋን ተቀበለች። እንዲህ እያደረግን መራን። ግን ማቴንጄዎች ሞኞች አይደሉም፤ በመጨረሻው ሩብ ጨዋታ ነቁብን። ጉልበቷን ማመን ትተው ቺሶሞን ከበቡ፣ እየነጠቁም እኩል ደረሱ። ሊያልቅ ሲል የመሀሉ ኳስ ተራ የእኛ ሆነ። ምርጫው የፋትሳኒ ነበር፤ እኔ ከዳር ሆኜ የምጮህበት ድምፅ አልቀረኝም። ፊሽካው ተነፋ። ፋትሳኒ ጉልበቷን ለአክስቷ አጠፈች፣ ኳሱም ለአክስቷ ሄደ። ሞዴስተር አጠገብ አንድም ሰው አልነበረም። ከእሷ ወደ ፋትሳኒ፣ ከፋትሳኒ ወደ ቺሶሞ፣ ከቺሶሞ ወደ ቀለበቱ። በአንድ ግብ አሸነፍን።

ርእሰ መምህሩ መጥተው እጄን ጨበጡኝና፣ ሜዳው የእናንተ ነው፣ ሣሩን ግን ራሳችሁ ንቀሉ አሉ። ነገ እንነቅላለን። በሚመጣው ወር ከወረዳው ቡድኖች ጋር እንገጥማለን፤ እዚያም የምንሄደው ለማየት አይደለም።

ትናንት ጨዋታው አልቆ እናቶች ሲያዜሙ ፋትሳኒ ውኃ ቀድታ መጣችና ለሞዴስተር ተንበረከከች። ሞዴስተር ጽዋውን አልነካችም፤ «መጀመሪያ ለቺሶሞ ስጫት» አለቻት። እማማ ናሲቤኮ ይህን አይተው ፊታቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ። ይሳቁ ያልቅሱ አላወቅሁም።

እናታችን እማማ እንደ ሐይቁ የሰፋ ሰላምታ ትልክልዎታለች፤ ሹራብዎን እንዳያወልቁ ብላለች። ታናሻችን ዊሊ ጀልባውን ቀለም ቀብቶ እጅ ይነሣል። ለእትዬ ግሎሪያ በእኔ ስም ጉንጯን ይሳሙልኝ። ታዳላን ደግሞ አይቆጧት፤ ይህን ደብዳቤ ብቻ ያንብቡላት። ለገና በዓል ስትመጡ ክቡ ውስጥ አቆማታለሁ፤ ለማን ጉልበቷን እንደምታጥፍ ራሷ ትምረጥ።

ታናሽ እህትዎ ንዳዚዮና

ማሎምቤ ሐይቅ ዳር፣ ማላዊ
እሑድ ጁላይ 16 ቀን 2017