ሃያ ሁለት ስንዝር

ሰኞ፣ የካቲት 3

ሊፍቱ ዛሬም ተበላሽቷል። አራት ፎቅ በእግር… ጉልበቴን ይዤ ደረጃው ላይ ቆሜ ሳለ ካሜራማኑ ሮጥ ሮጥ እያለ አለፈኝ። "አይዞዎት እትዬ፣ አምስት ወር ነው የቀረዎት!" ጡረታዬን ከእኔ በላይ የሚቆጥረው እሱ ነው።

ጠዋት የዜና ቁርጥራጭ ስቀጥል ዋልኩ። ከምሳ በኋላ ኃላፊው አስጠራኝ። ጣቢያው አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። በዓሉ በወሩ መጨረሻ። እያንዳንዱ ክፍል ስለ ራሱ አስር ደቂቃ ፊልም ይሥራ ተብሏል። የኛ የኤዲቲንግ ክፍል ርዕስ፦ ከመቀስ እስከ ኮምፒውተር። "ቀለል ያለ፣ ደስ የሚል ነገር አድርጊው" አለኝ። እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

"ስለ መቀሱ ዘመን ማን ያወራልናል?" አለኝ። የሚያወራ አንድ ሰው ብቻ ነው በሕይወት ያለው። ኃላፊውም አላጣውም። "ጋሼን አምጪያቸዋ!"

ጋሼን… መቀስ ያስያዙኝን ሰው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ትረካውን ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ የሚቆርጥ ሰው አልነበረም። ካሜራው አንድ ቦታ ይተከላል፣ ፊልሙ እስኪያልቅ ይቀርጻል፣ በቃ። ፈረስ ያልፋል፣ ሰው ይስቃል፣ አለቀ። ከዚያ አንዱ ሁለት ቁራጭ ቀጠለ። እዚህኛው ቁራጭ ላይ በር የከፈተው ሰው እዚያኛው ላይ ክፍል ውስጥ ገብቶ ታየ። በመሃል የጎደለውን ተመልካቹ ራሱ ሞላው። ብዙ ቦታ ደግሞ መቁረጥና መቀጠሉን ስፌት ይመስላል እያሉ ለሴቶች ሰጡት። ስፌት! እኔ ቁልፍ መትከል እንኳ አልችልም፣ እህቴ ትመስክር።

ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ፊልሙን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው "በስንዝርሽ ለኪው" አሉኝ። ለካሁ። ምስሎቹን አንድ በአንድ ቆጠሩና ሳቁ። "ልክ ሃያ አምስት! ሃያ አምስት ምስል አንድ ሰከንድ ነው። እግዜር ለዚህ ሥራ ፈጥሮሻል።" የሳቸው እጅ አካፋ ስለሚያህል አውራ ጣታቸውን አጠፍ ማድረግ ነበረባቸው። ከዚያ በኋላ ክፍላችን ውስጥ ሰከንድ የሚል ጠፋ። "ሦስት ስንዝር አሳጥሪ"፣ "ግማሽ ስንዝር ጨምሪ"… ሌላው ክፍል ጨርቅ የምንሸጥ ይመስለው ነበር።

ሌላም ነበር። በማጣበቂያ የቀጠልኩትን ይዞ እንደሆነ ለማየት ሳብ አደርገውና ይበጠሳል። "ተይው፣ ይድረቅ እንጂ! ምን ያስቸኩልሻል?" የቆረጥኩትን ደግሞ ልጥል ስል እጄን ያዙኝ። ግድግዳው ላይ ሚስማር የተደረደረበት እንጨት አለ፣ ሥሩ የጨርቅ ከረጢት። ቁራጭ እዚያ ይንጠለጠላል። "አይጣልም፣ ይሰቀላል። ነገ ትፈልጊዋለሽ።"

ሐሙስ፣ የካቲት 6

እስካሁን አልደወልኩም። ሁለት ቀን ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩ። ለምን እንደሆነ ልጻፈው፤ የሚያነበው እኔው ነኝ።

ከሠላሳ ዓመት በፊት ነው። የቪዲዮ ቴፕ መጣ፣ መቀስ ሊቀር ነው ተባለ። አንድ ሰው ለስልጠና ይላካል። ተራው የጋሼ ነበር፣ ሁሉም ያውቃል። የዚያን ጊዜው ዳይሬክተር ኮሪደር ላይ አስቆመኝና "የጋሼ ዓይን እንዴት ነው?" አለኝ። እንዲሁ ነበር የጠየቀኝ። እኔ ግን… "ትንሽ ደከም ብሏል" አልኩ። አልደከመም ነበር። የተላክሁት እኔ ነኝ። ስመለስ ጋሼ መጋዘን ተመድበዋል። እስከ ጡረታቸው የፊልም ቆርቆሮ ሲያስረክቡ ኖሩ። መተላለፊያው ላይ ስንገናኝ ጎንበስ ብዬ ሰላም እላለሁ፣ አልፋለሁ። አንድ ቀን አልጠየቁኝም። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደጃቸውን አልረገጥኩም።

ከሰዓት ደወልኩ። ባለቤታቸው አነሱት። "ውይ፣ አንቺ ነሽ? ምነው እንዲህ ጥፍት!" ቅዳሜ ኑ አሉ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ከካሜራማኑ ጋር ሄድን። ሁለተኛ ፎቅ፣ ጠባብ ሳሎን፣ ሰማያዊ ሶፋ፣ ከቁምሳጥኑ በላይ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት። ጋሼ ከመስኮቱ ጎን ተቀምጠዋል። ስገባ ወደ በሩ ዞሩ፣ ግን ወደኔ አልነበረም…  ከኔ ትንሽ ወደ ግራ። ባለቤታቸው በጆሮዬ "ጥላ ጥላውን ብቻ ነው የሚያዩት" አሉኝ። ቀዝቃዛ ውሃ የተደፋብኝ ያህል ደነገጥኩ።

እጄን ይዘው ጣቶቼን ዘረጓቸው። "ስንዝሯ አለች?" አሉ። "አለች ጋሼ።" መሳቅ አቃተኝ።

ማይኩን ደረታቸው ላይ ሰካሁ። "የረሳሽው ነገር የለም?" አሉኝ። "የለም።" ፈገግ አሉ።

ሲያወሩ ግን… ምን ዓይነት ሰው ናቸው! ስለ መቀስ፣ ስለ ማጣበቂያው ሽታ፣ አንዴ የአንድ ሚኒስትር ፊልም ገልብጠው ቀጥለው ሰውየውን በጭንቅላቱ እንዳቆሙት። ካሜራማኑ ሳቁን አፍኖ ካሜራውን አንቀጠቀጠ። ከዚያ ስለ ቴፕ ጠየቅኋቸው። መጠየቅ ነበረብኝ፣ ርዕሱ ነው። ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፦ "ቴፕ ሲመጣ ለስልጠና የምሄደው እኔ ነበርኩ። ዓይኑ ደክሟል ተባለ። ያኔ አልደከመም። ጨለማ ክፍል ውስጥ መርፌ ላይ ክር አስገባ ነበር። ማን እንዳለም አውቃለሁ። መጋዘን ገባሁ።" ከዚያ ወደ ኮምፒውተር አለፉ።

ያውቃሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያውቁ ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ስለ ዓይናቸው ያሉትን ቆረጥኩት። ሃያ ሁለት ሰከንድ ነው። ለርዝመት ነው ብዬ ነው… አስር ደቂቃ ተብሏል፣ እኔ አስር ተኩል ላይ ነኝ። ማን ይጠይቀኛል? በመገጣጠሚያው ላይ የእጃቸውን ምስል አለበስኩት። ማንም አያይም።

በቴፕ ዘመን ቢሆን ከመሃል አንድ ዓረፍተ ነገር ለማውጣት ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ እንደገና መቅዳት ነበር። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ለማፈር ጊዜ ነበረው። ዛሬ አንድ ቁልፍ ነው። ኮምፒውተሩ ላጥፋው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አታጥፋ አልኩት። "ቁራጭ" የሚል ፎልደር ከፍቼ እዚያ አስቀመጥኩት። ለምን? እንጃ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ኃላፊው አየው። ስምንት ጊዜ "ቆንጆ" አለ። ቆጠርኩ።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

የጋሼ ባለቤት ደወሉ። "ከሰው በፊት ልስማው ይላሉ።" ጊዜ የለኝም፣ አልችልም አልኳቸው… ሌላ ምን ልበል? እህቴ ከወጥ ቤት ሆና ታዳምጥ ነበር። "ማነው የሚያስፈራሽ? ጆሮሽ ቀልቷል። ከልጅነትሽ ጀምሮ ስትዋሺ ጆሮሽ ነው የሚያጋልጥሽ።" ዝም በይ አልኳት። መልሼ ደወልኩና ቅዳሜ እመጣለሁ አልኩ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ብቻዬን ሄድኩ። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ከፈትኩ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን ሰጡ። ሳቁ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። መገጣጠሚያው ደረሰ፣ አለፈ። ተመስገን አልኩ በሆዴ።

"መልሺው" አሉ።

መለስኩት።

"ሰዓቱ ተሰናከለ።"

አልገባኝም። ከዚያ ሰማሁት። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት… ሙሉውን ቃለ ምልልስ ከኋላ ቀጭ ቀጭ ይላል። እኔ የቆረጥኩበት ላይ ሁለቱ ቀጭታዎች ተደራረቡ። ከመቅረጽ በፊት ሰዓት ይቆማል! የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት ነው፤ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። "የረሳሽው ነገር የለም?" ብለውኝ ነበር እኮ። ምስሉን አለበስኩት፣ ዓይን አታለልኩ። ጋሼ ግን አሁን ዓይን የላቸውም።

"ለርዝመት ነው?" አሉኝ።

አዎ ልል አፌን ከፈትኩ። ላፕቶፑን ነው የዘጋሁት።

"ስንት ስንዝር ነው?"

"ሃያ ሁለት።"

"ብዙ ነው።"

"ጋሼ፣ ያልኩት እኔ ነኝ። ዓይንዎ ደክሟል ያልኩት።"

"አውቃለሁ" አሉ። "አሁን ግን እውነትም ደክሟል። ሠላሳ ዓመት ቀደምሽ እንጂ።" ባለቤታቸው ከወዲያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ አለቀስኩ፣ እንደ ሕፃን። ደስ አላላቸውም መሰለኝ፣ አላባበሉኝም። ሲበቃኝ ጠየቁኝ፦

"የቆረጥሽውን ጣልሽው ወይስ ሰቀልሽው?"

"ሰቅየዋለሁ።"

"እንግዲያው የት እንደሚገባ ታውቂያለሽ።"

ሰኞ፣ የካቲት 17

መለስኩት። ሰዓቱ አሁን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከዚያ ድምፅ መቅጃ ክፍል ገብቼ ከሳቸው ንግግር በኋላ የሚገባ ቀዳሁ፦ "ዓይናቸው ደክሟል ያልኩት እኔ ነኝ። ውሸት ነበር።" አምስት ስንዝር።

ኃላፊው ሰምቶ ተነስቶ ቆመ። "በዓል እኮ ነው! ጤና የለሽም? አምስት ወር ሲቀርሽ ስምሽን በገዛ እጅሽ?"

"ይህ ከተቆረጠ ስሜም ከፊልሙ ይውጣ፣ ሌላ ሰው ይሥራው" አልኩት። ሌላ ሰው እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን።

"አስር ደቂቃ ያልፋል!" አለ በመጨረሻ።

እውነቱን ነው፣ ያልፋል። ስለዚህ መግቢያው ላይ ያደረገውን የእንኳን ደስ አላችሁ ንግግር ቆረጥኩት። እሱን ሰቅዬለታለሁ፣ ነገ ይፈልገው ይሆናል።

ዓርብ፣ የካቲት 28

ከሰዓት በኋላ፣ በአዳራሹ። ወንበር ሞልቷል። ጋሼን ክንዳቸውን ይዤ አስገብቼ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ፊልሙ ሲጀመር በወንበሩ መደገፊያ ላይ በስንዝራቸው መለካት ጀመሩ፣ አውራ ጣታቸውን አጠፍ አድርገው። በሚኒስትሩ ታሪክ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ የሳቸው ሃያ ሁለት ስንዝር መጣ። ከዚያ የኔ ድምፅ።

እጃቸው ቆመ።

ማንም አላጨበጨበም… እስከ መጨረሻው። ሲያልቅ አጨበጨቡ፣ ግን ለጋሼ ነው። ተነስተው ቆሙላቸው። እኔን ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። አብሬያት ሃያ ዓመት የሠራኋት ጸሐፊ ደረጃው ላይ አልፋኝ ሄደች። አመመኝ። እውነቱን ለመናገር በጣም አመመኝ። ግን ደግሞ ትከሻዬ ቀለለኝ፣ ሁለቱም ባንድ ላይ።

መኪና ውስጥ ጋሼ "ስንዝሩ አልጎደለም" አሉ። ሌላ አልተናገሩም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ሊፍቱ ተሠርቷል። ካሜራማኑ ሳምንቱን ሙሉ ሲሸሸኝ ከርሞ ትናንት ሊፍቱ ውስጥ ብቻችንን ስንሆን "አይዞዎት እትዬ" አለኝ። ወር አልቆጠረም። ጸሐፊዋ ገና አላናገረችኝም።

ዛሬ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። አሮጌ ፊልም ይዤ ሄጄ እኔ ስዕሉን በቃል እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው የት መቆረጥ እንደነበረበት ይነግሩኛል። ሁለቴ ተሳስተዋል አልኳቸው፣ ሁለቴም ትክክል ነበሩ። ልሄድ ስነሳ ድፍረት አግኝቼ ጠየቅኋቸው።

"ጋሼ፣ ይቅር ብለውኛል?"

"ሳብ እያደረግሽ አትፈትኚው" አሉ። "ይድረቅ።"

እሺ ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሰዓቱ ከቁምሳጥኑ በላይ ቀጭ ቀጭ ይላል። አላቆምኩትም።