ዲን ላጥፋው ወይስ ይቆይ

ኅዳር 6

ኮምፒውተሩ ዛሬም ተንቀራፈፈብኝ። አንድ የፍሬን ሸራ ወጪ ለማድረግ ሩብ ሰዓት! ሾፌሮቹ መጋዘኑ መስኮት ላይ ተደርድረው "ምነው፣ እያሰበ ነው ወይስ ተኝቷል?" እያሉ ሳቁብኝ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ሃርድ ዲስኩን ሲ እና ዲ ብዬ ለሁለት የከፈልኩት እኔ። ሲ ላይ ሲስተሙና የመጋዘኑ መዝገብ፣ ዲ ላይ የጋራዡ ካሜራዎች ቅጂ። ለሲ ቆንጥሬ፣ ለዲ አፍሼ ሰጠሁ። አሁን ሲ ጢም ብሎ ቀይ ያሳያል። ዲ ግማሹ ባዶ።

ላዋህዳቸው? ይቻላል። ግን ዲ መጀመሪያ መጥፋት አለበት፣ ከዚያ ነው ቦታው ለሲ የሚሰጠው። ዲ ላይ ያለው የአንድ ወር ቅጂ ነው፣ ማን ያየዋል? በሌላ በኩል... መለያየታቸው ለክፉ ቀን ነው። ሲስተሙ ቢሞት ዲ ይተርፋል።

ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። "እንደፈለግክ አድርገው፣ ብቻ አታስቁብን" አለኝ። እስቲ አስብበታለሁ።

ማታ ወንድም ጋሼ ቤታችን መጣ። ባለቤቴ ታላቅ ወንድሟን እንደዚያ ስትል እኔም ለምጄ ቀረሁ፤ ጋራዥ ውስጥ ግን ፎርማኑ ነው፣ አለቃዬ። ሥራውንም ያስገባኝ እሱ። ሆዳችንን እስኪያመን አሳቀን።

ኅዳር 9



ጠዋት አሥራ ሁለት ቁጥር አውቶቡስ የመሪ ዘንጓ ተሰንጥቆ ገባች። ወንድም ጋሼ በያጁን "በይደው፣ ከሰዓት ትወጣለች" አለው። በያጁ ጭንብሉን አወለቀ።

"ይሄ አይበየድም። መንገድ ላይ ቢበጠስ ስልሳ ሰው ነው የሚያልቀው።"

"አንተን ማን ጠየቀህ?"

"እኔ የሰው ደም ውስጥ የለሁበትም። ሌላ ፈልግ።"

ጭንብሉን መሬት ላይ ወረወረው። ሁሉም ፊት። አንድ ሁለቱ ሳቁ። ወንድም ጋሼ ሲሳቅበት አይወድም...

ምሳ ሰዓት ሁሉም ወጣ። በያጁ ብቻ ቀርቶ ነበር። መጋዘን ሆኜ ጩኸት ሰማሁ። ሮጬ ስደርስ ሁሉም ነገር አልቋል። ግማሽ ፊቱ የት እንደሄደ አላውቅም። የብረት ቱቦ አጠገቡ። ሲሚንቶው ላይ አንድ ጥርስ። ወንድም ጋሼ እጁን በጨርቅ እየጠረገ "ክሪኩ ሾልኮ መታው" አለ። የጠየቀው እኮ አልነበረም!

አልደረስኩም። ብደርስ ኖሮ...

ኅዳር 10

በያጁ አልሞተም። ግራ ዓይኑ ፈሷል። መንጋጋው ለሁለት ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል።

ሌላ በያጅ አምጥተው አሥራ ሁለት ቁጥርን አስወጧት።

ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። ወንድም ጋሼ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

"ኮምፒውተሩ ተንቀራፏል አላልከኝም? ሁለቱን አንድ አድርጋቸው።"

"ዲ ላይ ያለው ይጠፋል፣ ጌታዬ።"

"ይጥፋ።"

በቀልድ አስመስዬ "ለምን በመዶሻ አንለውም ታዲያ?" አልኩት። አልሳቀም። "ሰበርነው ብንል ማን ያምነናል? ተንቀራፈፈ፣ አስተካከልነው። ሐሳቡም ያንተ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ።"

ጥቂት ቀን ይፈልጋል አልኩ። ውሸት። የሃያ ደቂቃ ሥራ ነው። ለምን ዋሸሁ?

ኅዳር 11

የበያጁ ታላቅ እህት መጣች። ልብስ ሰፊ ናት። ደረቷ ላይ መርፌ እንደሰካች፣ ቀሚሷ ላይ ክር እንደተንጠለጠለ፣ ከስፌት መኪናዋ ብድግ ብላ ነው የመጣችው። በር ላይ ሲከለክሏት ዞራ በመጋዘኑ መስኮት አናገረችኝ።

"ወንድሜ አፉ ታስሯል፣ መናገር አይችልም። አንተ እዚያ ነበርክ የሚሉ አሉ።"

"አልነበርኩም፣ እታለም።"

"ካሜራውስ?"

"ተበላሽቷል።"

"እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሄደች በኋላ በሩን ቆልፌ ዲን ከፈትኩ። ሦስተኛው ካሜራ። ስድስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ።

ሰባት ጊዜ መታው። የመጀመሪያው ከኋላ ነው፣ በያጁ ጎንበስ ብሎ ሳለ። ሁለተኛው ትከሻው ላይ። ሦስተኛው ፊቱ ላይ፣ በያጁ ሊመክት ያነሳቸውን እጆቹን ድንገት ሲያወርድ... አራተኛው ላይ ወደቀ። የቀሩት ሦስቱ የወደቀ ሰው ላይ ነው። ድምፅ የለውም። ድምፅ ቢኖረው አልጨርሰውም ነበር።

ሦስተኛው ምት ሳያርፍ የኋላው በር ይከፈታል። አንድ ሰው ይቆማል። ሰማያዊ ጋዋን፣ ጆሮው ላይ እርሳስ። አሥራ አንድ ሰከንድ። ከዚያ በሩን ይዘጋዋል። ቀስ ብሎ፣ እንዳይጮህበት።

እኔ ነኝ።

የኅዳር 9ን መልሼ አነበብኩት። "ሮጬ ስደርስ።" ማንም ለማያነበው ደብተር ዋሸሁ!

ላጥፋው እንዴ? አንድ ጠቅታ ነው። ወንድም ጋሼ ይድናል። እኔም እድናለሁ። ኮምፒውተሩም ይፈጥናል...

ኅዳር 12

አሰብኩበት። ወደ ፍላሽ እገለብጠዋለሁ፣ ከዚያ ዲን አጠፋለሁ። እነሱም ደስ ይላቸዋል፣ እኔም ህሊናዬ ያርፋል። ፍላሹን ለማን ልሰጠው? እሱን በኋላ። እንዲህ ነኝ። ሁሉንም ሳላስቀይም ማለፍ።

ኅዳር 15

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ፊደሌ የተማሪ ይመስላል።

ከትናንት ወዲያ ጠዋት ፍላሹን ልነቅል ስል ወንድም ጋሼ በሩ ላይ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ? አላውቅም።

"ምንድን ነው እሱ?"

"የመዝገብ ቅጂ ነው።"

"አምጣው።"

ጨበጥኩት። ለምን እንደጨበጥኩት አልገባኝም። አንገቴን ይዞ ጠረጴዛው ላይ ደፋኝ። ቀኝ እጄን በጉልበቱ ተጫነው። መዶሻው ከራሴ መደርደሪያ ላይ የተነሳ ነው፣ ቁጥር ሁለት፣ ወጪ ያልተደረገ። የመጀመሪያው ምት ከጣቶቼ ጋር ፍላሹን አደቀቀው። እዚያ ላይ ቢያቆም... ሁለት ጊዜ ደገመው። አጥንት ሲሰበር እንደ ደረቅ እንጨት ይላል ሲሉ ሰምቼ ነበር። አይደለም። እርጥብ ነው።

ተንበርክኬ ሳለቅስ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ድምፁ ለስላሳ ነበር፣ ቤታችን መጥቶ እንደሚያወራው።

"የእህቴ ባል ባትሆን ጣትህ ላይ አላበቃም ነበር። አጥፋው። ሲሻልህ መጥተህ አጥፋው። ካልሆነ እህቴን ጥቁር አለብሳታለሁ።"

ኅዳር 16

ሦስት ጣቴ ተሰብሯል። ሐኪሙ "ምን አገኘህ?" አለኝ። "በር ዘጋብኝ" አልኩ።

ኅዳር 18

ለባለቤቴም በር ነው ብያት ነበር። ወንድም ጋሼም በር ነው ብሏታል። ብርቱካን ይዞ መጥቶ፣ ልጦ፣ በእጁ ሊያጎርሰኝ! ጎረስኩ።

ከሄደ በኋላ አስታወከኝ። ባለቤቴ ጀርባዬን እያሸች "ምንድን ነው? ምን ሆነሃል?" ስትለኝ ሁሉም ነገር ከአፌ ወጣ። በያጁ፣ ቱቦው፣ መዶሻው።

ሳህኑን ከነብርቱካኑ ግድግዳው ላይ ፈጠፈጠችው። ቀጥላ እኔን በጥፊ አለችኝ። "ውሸታም! አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው። ጫማ የገዛልኝ እሱ ነው!" ደጋግማ መታችኝ፣ በሁለት እጇ። አልተከላከልኩም። ሲደክማት ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

"አሳየኝ" አለች። "በዓይኔ ካላየሁ አላምንም።"

የበሩን ነገር አልነገርኳትም። ማለት... የእኔን በር።

ኅዳር 20

አብረን ሄድን። እጄ ማውዝ አይዝም፣ እሷ ታግዘኝ አልኩት። ወንድም ጋሼ ፊቱ በራ። "ጎሽ፣ የኔ እመቤት። ቶሎ ጨርሱልኝ" ብሎ ራሱ ወንበር አቀረበላት። ሰው እንዳይረብሸን ብሎ በሩን ከውጭ ገጥሞልን ሄደ።

ትእዛዙን ደረጃ በደረጃ ነገርኳት። መጨረሻ ላይ መስኮቱ መጣ። "በዚህ ክፍል ያለው ሁሉ ይጠፋል። ይቀጥል?" ጣቷ ማውዙ ላይ ነው። እኔ ዞሬ አላየኋትም። እውነቱን ልጻፍ፣ በልቤ "ተጫኚው" እያልኩ ነበር። ተጫኚው፣ በሩ ላይ ያለው ሰውዬም አብሮ ይጥፋ።

"መጀመሪያ አሳየኝ" አለች።

አየችው። ሰባቱንም። በአራተኛው ላይ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሲያልቅ ወደ ኋላ መለሰችው፣ በሩ እስኪከፈት። አቆመችው። ወደ ስክሪኑ ቀረበች።

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

ከአፏ ስድብ ጠበቅኩ። "ሁለታችሁንም አየሁ" ብቻ አለች። በደረቅ ድምፅ። ከዚያ "ዲስኩ የቱ ጋ ነው የሚቀመጠው?"

ካቻቢቴ ከመደርደሪያው አነሳች። አራት ብሎን፣ ሁለት ገመድ።  ሲንም ዲንም በአንድ ላይ፣ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ፎጣ ሥር። ስክሪኑን አጥፍተን ወጣን።

"አለቀ?" አለ ወንድም ጋሼ።

"ራሱ እየሠራ ነው። እስከ ነገ እንዳትነኩት" አለችው።

ጥበቃው የሌላውን ሁሉ ቦርሳ ይፈትሻል፣ የፎርማኑን እህት ግን ማን ይፈትሻል? ወንድም ጋሼ ግንባሯን ስሟት ሸኘን። ጥጉን እንደዞርን አጥር ተደግፋ አለቀሰች። ልይዛት ስል እጄን ገፋችው፣ የተሰበረውን። ጮህኩ። ይቅርታ አላለችኝም።

ፖሊስ ጣቢያ ቀድማኝ ገባች። ዲስኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና "ወንድሜ ሰው ሲደበድብ ያሳያል" አለች። መርማሪው ዲስኩን ሳይሆን እሷን ነው ደጋግሞ ያየው። በያጁ አልበይድም ያለውን ዘንግ ጉዳይ ነገርኩ። አሥራ ሁለት ቁጥርን ተሳፋሪ እንደጫነች መንገድ ላይ አስቆሟት።

ኅዳር 21

ወንድም ጋሼን ጋራዡ ውስጥ ያዙት። ሁለት ፖሊስ ገፍትሮ ጥሎ፣ አራት ሆነው ነው ያሰሩት አሉ። ሥራ አስኪያጁም ተጠርቷል።

ኅዳር 24

የባለቤቴ የአጎት ልጆች መጡ፣ ሦስት ሆነው። መስኮቱን በድንጋይ አወረዱት። በሩን ገንጥለው ገብተው እኔን መሬት ላይ ረጋገጡኝ። የጎን አጥንቴ ተሰብሯል። እሷን ማንም አልነካትም፣ ግን አንዱ ፊቷ ላይ ተፋ። ጎረቤት ተጯጩሆ አስወጣቸው።

እናቷ ደውለው "ከዛሬ ጀምሮ ልጅ የለኝም" አሏት። "እሺ፣ እማዬ" ብላ ዘጋች። መስታወቱን ጠርጋ ስትጨርስ ልብሷን መሰብሰብ ጀመረች።

"ወዴት?"

"ክፍል ተከራይቻለሁ። ከእነሱም ከአንተም ራቅ ብዬ ልተንፍስ።"

መጋቢት 4

ዛሬ ተፈረደ።

ዳኛዋ ምስሉን አስቆመችና "ይህ በሩ ላይ ያለው ማን ነው?" አለች። ተነሳሁ። እኔ ነኝ አልኩ። አዳራሹ አጉረመረመ።

"ለምን አልገላገልክም?"

"ፈራሁ።"

"በሩንስ ለምን ዘጋኸው?"

"እንዳያየኝ፣ ክብርት ዳኛ።"

ለወንድም ጋሼ ዘጠኝ ዓመት። ሲነበብ አግዳሚውን ዘሎ ወደ እህቱ ሊደርስ ሞከረ። አራት ሆነው ጣሉት። ፊቱ ወለሉ ላይ ተጣብቆ ስሟን ይጠራል፣ የልጅነት ስሟን። ባለቤቴ ከእናቷም ከእኔም ርቃ፣ ለብቻዋ የመጨረሻው ወንበር ላይ ነበረች። አልተንቀሳቀሰችም። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች፣ ጣቶቼን በሞቀ ውሃ ታሽልኛለች፣ ትሄዳለች።  ዛሬ ስትወጣ ትከሻዬን ነካ አድርጋኝ አለፈች።

ውጭ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ በያጁ ተቀምጧል። ጥቁር መነጽር፣ መንጋጋው ወደ አንድ ጎን። እህቱ ውሃ ልትገዛ ሄዳለች። ሸሽቼ ላልፍ ነበር። "ና፣ ተቀመጥ" አለኝ። ንግግሩ ገና አልጠራም።

"ይቅርታ ልልህ..."

"አውቅ ነበር" አለኝ። "አፌን ፈትተውኝ መርማሪው ሲጠይቀኝም አውቅ ነበር። በሩ ሲከፈት ብርሃን ገባ። ቀና አልኩ። ቆመሃል። መጣልኝ ብዬ እጄን አወረድኩ።"

መነጽሩን አስተካከለ።

"በግራ ዓይኔ መጨረሻ ያየሁት ሰው አንተ ነህ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

ትከሻውን ሰበቀ። "አንተ ምን ታደርግ እንደሆነ ልይ ብዬ ነዋ። በቀረችኝ ዓይን።"

እህቱ ሁለት ጠርሙስ ውሃ ይዛ መጣች። አየችኝ፣ ቆመች። ከዚያ አንዱን ለእሱ ሰጠችው። ሌላኛውን ለራሷ ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ሦስታችንም አውቶቡሱን ጠበቅን።