ድፎ ዳቦን ጉቦ ብለው ላስመዘገቡት ሰብሳቢ

ለተከበሩ ዶክተር ሃብተ ጊዮርጊስ
የሆስፒታላችን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰብሳቢ (ለጊዜው የታገዱ)
ደባርቅ

ክቡርነትዎ፣ የደባርቅ ቁር ሳይነካዎ፣ ጉልበትዎም ደጅ በመጥናት ሳይዝል ይህ ግልጽ ደብዳቤ እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ። እግድ እንቅልፍ እንደሚነሳ ስለማውቅ፣ ጤናዎን የምጠይቀው ለወግ ያህል ብቻ አይደለም።

እኔ ባለፈው ዓመት ያገዱኝ ቀዶ ሐኪም ደምለው ነኝ። ያገዱት ሰው ብዙ ስለሆነ ምናልባት ዘንግተውኝ ይሆናል። ከበየዳ በቃሬዛ የመጣች፣ ማኅፀኗ የተቀደደ ወላድ ነበረች። ባሏ በቅሎ እየነዳ ከኋላ ቀርቶ ነበርና ፊርማውን ሳልጠብቅ ማኅፀኗን አውጥቼ ነፍሷን አተረፍኩ። እርስዎም ያለ ፈቃድ ቀዶ ጥገና አድርገሃል ብለው ከሥራ አገዱኝ። ባሏ ራሱ ቀርቦ፣ ዝም ብሎ ቢያያት ኖሮ ነበር የምከሰው ብሎ እስኪመሰክርልኝ ድረስ ክረምቱ አልፎ በጋው ገባ።

ስለዚህም ያልተከፈለ የምስጋና ዕዳ አለብኝ፦

፩. የታገደን ሐኪም መጎብኘትም ሆነ ማነጋገር ምስክር እንደማባበል ይቆጠራል የሚለውን ሰርኩላር በፊርማዎ ስላወጡልን አመሰግናለሁ። በእኛ አገር ክስ የወደቀበት ሰው ቤት እንደ ለቅሶ ቤት ይኬዳል፤ ሰው ይገባል፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ አይዞህ ብሎ ይወጣል። በእርስዎ ዘመን ይህም ጥፋት ሆነ። አንድ የቀዶ ጥገና ጠረጴዛ ከበን ስንቆም የኖርን ባልደረቦቼ ገበያ ላይ ሲያዩኝ መንገድ ይሻገሩ ጀመር።

፪. ከዳባት እየተመላለሰች አብራን የምትሠራው ዶክተር የትናየት ቤቴ መጥታ ስለጠየቀችኝ ማስጠንቀቂያ ጽፈውባታል። ይዛልኝ የመጣችውንም ድፎ ዳቦ በቃለ ጉባኤ ጉቦ ብለው አስመዝግበዋል፤ ለዚህ እጅ እነሳለሁ። እውነቱን ለመናገር ዳቦው ከሥሩ ትንሽ አርሮ ነበር።

ያን ዕለት ግን ከቃለ ጉባኤዎ የቀረ ነገር አለ። እኔ ከከተማው በላይ ሳንቃ በር ከሚባለው ተራራ ወጥቼ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሜ ነው የዋልኩት። ወደ ቤት የወረድኩት ቁልፉን ለአከራዬ ለእማማ ገበያነሽ አስረክቤ ልመለስ ነበር። የትናየት ዳቦዋን ታቅፋ ደጃፌ ላይ ተቀምጣ ባላገኛት ኖሮ፣ ዛሬ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎ ሰው አይኖርም ነበር። ማስጠንቀቂያ የጻፉባት በዚህ ነው።

፫. ነጻ ከወጣሁ በኋላ የታገዱ ሐኪሞችን እየዞርን የምንጠይቅበት ማኅበር ስናቋቁም፣ እርስዎ «የጥፋተኞች ዕድር» ብለው ስም አወጡልን። ስሙን ወደነዋል፤ እስካሁንም እንጠራበታለን።

እነሆ ዘንድሮ ደግሞ በተረኝነትዎ ስልክ አላነሱም ተብለው እርስዎም ታገዱ። በንስሐ አባትዎ በአባ መልከ ጼዴቅ በኩልም፣ ያ ዕድራችሁ እኔን የማይጠይቀው ለምንድን ነው ብለው ልከውብናል። ኧረ ክቡርነትዎ! ጥፋተኛ ይሁኑ አይሁኑ እኔ አላውቅም፤ እርስዎ ነዎት የእኔን ሳይመረመር ያወቁት። እንዳንመጣ የሚከለክለን ሰርኩላርዎ ነው። እሱን ለመሻር የሰብሳቢው ፊርማ ያስፈልጋል፤ ሰብሳቢው ደግሞ ታግደዋል። ምን ይደረግ፣ ሕግ አክባሪዎች ነን። ወሬውን የሰማሁ ዕለት ደስ ብሎኛል፤ አልደብቅዎትም። ብቻዎን ተቀምጠው የበር ኳኳታ ሲጠብቁ መዋል ምን እንደሚመስል ጠግበው ይዩት።

ፊርማዎን የማይረሳ፣
ለሰርኩላርዎ እስከ መጨረሻው ታዛዥ፣
በድፎ ዳቦ ጉቦ የተደለለው
ዶክተር ደምለው ያርጋል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ለዶክተር የትናየት ባስነብባት ጭራሽ ተቆጣችኝ። «ሰውየው እኮ ብቻውን ነው» አለችኝ። ቅዳሜ ዳቦዋን ይዛ ትመጣለች፤ እንድትቀር ብለምናትም አልሰማ አለችኝ። እኔም እስከ ደጅዎ እሸኛታለሁ እንጂ አልገባም። በሩን ራስዎ ይክፈቱላት። ዳቦውን ከእጇ ሲቀበሉ ፊትዎን ማየት ብቻ ነው የምፈልገው።