ዳገቱን ብቻዋን ወጣች ስለተባለችው ላንድሮቨር

ለ«ጎማና ዘመን» የጥንት መኪኖች ሙዚየም ሥራ አስኪያጅ
ሚዛን ተፈሪ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንደ መስተዋት ለተወለወሉት መኪኖችዎና ባለፈው ቅዳሜ የአባቴን ክንድ ለሰበረው ጥበቃዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ወሰንየለሽ ካሣዬ እባላለሁ፤ ቴፒ ገበያ ውስጥ ሸቀጣ ሸቀጥ እነግዳለሁ። የላንድሮቨሯን የግራ ስፖኪዮ የሰበረ «ንብረት አውዳሚ» እንደሚፈልጉ በርዎ ላይ በለጠፉት ማስታወቂያ ስለተረዳሁ፣ ድካምዎን ላቀልልዎ ብዬ ይህን በአደባባይ እጽፋለሁ። የሰበርኩት እኔ ነኝ። ምክንያቴንም በትሕትና በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ. አባቴን አቶ ካሣዬን ከቴፒ በጠዋቱ ሚኒባስ ያመጣኋቸው አንድ ቀን እንዲዝናኑ ነበር። አረንጓዴዋን ላንድሮቨር ሲያዩ ግን ከዘራቸው ከእጃቸው ወደቀ። ሰሌዳዋ ላይ፣ በ1974 ዓ.ም. ክረምት ከሸኮ በላይ ያለውን ዳገት «በራሷ ሞተር ኃይል ብቻ» እንደወጣች በሚያምር ጽሕፈት ተጽፏል፤ ስለ ጽሕፈቱ ውበት ከልብ አመሰግናለሁ። ያወጧት ግን አባቴን ጨምሮ አሥራ አራት የቡና ለቃሚዎች ናቸው። ከፊቷ በገመድ ይጎትታሉ፣ ከኋላዋ በትከሻቸው ይገፋሉ፤ የእርሻው አለቃ በጎናቸው እየተመላለሰ ጀርባቸው እስኪተለተል ይገርፋቸዋል። ገመዱ ሲበጠስ መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራታ፣ ከኋላ ይገፋ የነበረውን የአባቴን ጓደኛ ከፈለኝን ጣለችውና ጎማዋ ደረቱ ላይ ወጣ። አለቃው ሰውየው ከመነሳቱ በፊት መኪናዋ ትውጣ ብሎ አዘዘ። እየተገረፉ አወጧት። በከፈለኝ ላይ ጎማው ሁለት ጊዜ አለፈ ማለት ነው፤ ስትወርድና ስትወጣ። ስትወርድ ገና ይተነፍስ ነበር።

፪ኛ. አባቴ ጎንበስ ብለው ያንን የኋላ ጎማ ዳሰሱ፣ የከፈለኝንም ስም ጠሩ። ጥበቃዎ ቅርስ አይነካም ብሎ ባለ በሌለ ኃይሉ ዱላውን ክንዳቸው ላይ አሳረፈ። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ለቅርስ ያላችሁን ጥንቃቄ ካደነቅሁ በኋላ ዱላውን ከእጁ ነጥቄ ስፖኪዮዋን አደቀቅሁት። ያሰብኩት የእሱን ራስ ነበር፤ አባቴ በደህናው እጃቸው ቀሚሴን ባይይዙት ኖሮ ዛሬ የሚጽፍልዎ ፖሊስ ነበር። በዚህ አጋጣሚ የጥበቃውን ራስ ስላተረፉልዎ አባቴን ያመሰግኑልኝ።

፫ኛ. ይህኛው ቅሬታ አይደለም፣ ልመና ነው። ከፈለኝ የተቀበረው እዚያው ዳገት ጥግ ላይ ነበር፤ መንገዱ ሲሰፋ መቃብሩን ግሬደር ጠረገው። ሚስት አላገባም፣ ልጅ አልወለደም፤ በዚህ ምድር ላይ ስሙ የተጻፈበት አንድም ቦታ የለም። ስለዚህ ከሰሌዳው ላይ ያችን «በራሷ ሞተር ኃይል ብቻ» የምትል ቃል አስፍቀው የእሱን ስም ያስጽፉልን። አባቴ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ክንዳቸው በጄሶ ታስሮ ቤታችን በር ላይ ተቀምጠው በየቀኑ ሰሌዳው ተቃና ወይ ብለው ይጠይቁኛል። እኔም አላውቅም ማለት አንገሽግሾኛል። ንዴቴ በአንድ ስፖኪዮ የሚበርድ እንዳይመስልዎ።

ከተሰበረ ክንድ፣ ከተሰበረ ስፖኪዮና እስካሁን ካልተሰበረው አክብሮቴ ጋር፣

ታዛዥዎ
ወሰንየለሽ ካሣዬ
ከቴፒ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከመኪናዋ አጠገብ በመስተዋት ሣጥን ያኖሩት የሞተር ቺንጊያ፣ «አንድም ቀን ሥራ ላይ ያልዋለ መለዋወጫ» ተብሎ ተጽፎበታል። ሞተር ላይ አለመታሰሩ እውነት ነው፤ አለቃው ጫፉን እጁ ላይ ጠምጥሞ ይዞት ይዞር ነበር። ጥርጣሬ ካለዎት ቺንጊያውን ይዘው ቴፒ ድረስ ይምጡ። አባቴ ሸሚዛቸውን ያወልቃሉ፤ ቺንጊያውን ጀርባቸው ላይ ካሉት ጠባሳዎች በአንዱ ላይ አስተኝተው ስፋቱን ይለኩታል።