ከፊት ለፊትሽ ያለው ቤት

ለታናሽ እህቴ፣

እንዴት ነሽ? እናታችንስ ጉልበቷ ተሻላት? እኔ አላህ ይመስገን ደህና ነኝ። ፈተናዬን አልፌ መምህርት ሆኛለሁ። ደስ ይበልሽ።

የአባታችንን ሞት ደብቃችሁኝ ከረማችሁ። "ፈተናሽ እንዳይበላሽ ብለን ነው" አላችሁኝ። መርዶውን ሰምቼ፣ ከምማርበት ከታንታ ከተማ ጥቁር ለብሼ ስመጣ በሩን የከፈተልኝ ሩሽዲ ነበር። እጮኛዬ፣ በአባቴ ቤት፣ የአባቴን ሸበጥ ተጫምቶ! እናታችን አንገቷን ደፍታ "እንግዲህ ወንድምሽ ነው" አለችኝ። ሠርግሽን የሰማሁት እንዲህ ነው።

አባታችን ይሠራበት የነበረውን የሽመና ፋብሪካ ሕግ አውቃለሁ፤ እኔም እዚያው ሰፈር ነው የተወለድኩት። ሠራተኛ ከሞተ አርባው ሲወጣ ቤቱ ይለቀቃል፣ ፋብሪካው ውስጥ የሚሠራ ልጅ ወይም አማች ካልተረከበው በቀር። እኛ ወንድም የለንም፤ ሩሽዲ ደግሞ የፋብሪካው ሸማኔ ነው። እናታችን ሜዳ ላይ እንድትወድቅ እኔም አልፈልግም። ግን ቴሌግራም ብትልኩልኝ በማግስቱ እደርስ አልነበረም? አጎታችን "የተማረችው ባል አታጣም፤ ይቺኛዋን ማን ያገባታል?" አሉ አሉ። እሺ፣ እሳቸው ሽማግሌ ናቸው። አንቺ ግን! እናታችን ሳታስበው አመለጣት፦ "ማን አስገደዳት? አጎትሽ ተናግረው ሳይጨርሱ 'እኔ አለሁ' አለች" አለችኝ።

እኔ አለሁ!

የሙሉኪያውን ቅጠል ወጥ ስታቀርቢለት አየሁሽ፤ ነጭ ሽንኩርቱ እስኪያርር ተጠብሶ፣ ልክ እሱ እንደሚወደው። ማን ነገረሽ? አንድ አልጋ ላይ ተኝተን እኔው ነኝ የነገርኩሽ።

አባታችን በሽመና መኪኖቹ ጩኸት መሃል ሸማኔዎች በከንፈር ብቻ እንዴት እንደሚያወሩ ሲያስተምረን ትዝ ይልሻል? አንቺ "ይሄ የደንቆሮ ጨዋታ ነው" ብለሽ ተውሽው። እኔ ለመድኩት። ያን ቀን ስወጣ ባልሽ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሸኘኝ። አንቺ ከኋላው ነበርሽ፣ እጅሽን ትከሻው ላይ ጣል አድርገሽ። ድምፅ ሳያወጣ አንድ ነገር አለኝ። አንቺ ያየሽው ጀርባውን ብቻ ነው። ምን እንዳለኝ አልጽፍልሽም። እኔም መለስኩለት። ፊት ለፊት እያየሽኝ "ደግሞ ምን ታኝኪያለሽ?" ብለሽ ሳቅሽ።

የፋብሪካው የሴቶች ትምህርት ቤት መምህርት ሲፈልግ አመለከትኩ፤ ተቀበሉኝ። ቤትም ይሰጣሉ። የትኛውን እንደምፈልግ ሲጠይቁኝ ከእናንተ ትይዩ ያለውን፣ አረንጓዴ መስኮት ያለውን መረጥኩ። መንገዱ ጠባብ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ከመስኮቱ ሆነው ሲያዩ ማዶ ያለ ሰው ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ይታያል። መጋረጃ አልሰቅልም።

አላህ ጤናሽን ይጠብቅልሽ፣ ጓዳሽን ይሙላልሽ። እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ። መምጣቴን ለባልሽ እንዳትነግሪው፣ አትድከሚ፤ ያውቃል።

የእናትሽ ልጅ፣
ታላቅ እህትሽ